ቀን ጎበዝ፣ ማታ ጓዳ ውስጥ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በበሩ ስር እየገባ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜያለሁ። መብራት አላበራሁም፤ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ በእሱ ብርሃን ከሞሰቡ እንጀራ እየቆረስኩ የቀዘቀዘውን ሽሮ ከድስቱ እየጠረግኩ እበላለሁ። እራት ከበላሁ ሁለት ሰዓት አልሞላም። አልራበኝም። ግን እጄ አያቆምም። ሽሮው ሲያልቅ ለልጆቹ መክሰስ የገዛሁትን ብስኩት ከፈትኩ፣ ብስኩቱ ሲያልቅ ከቡና የተረፈውን አምባሻ።

ቀኑ ሰኔ 30 ነበር። የሒሳብ ሰው የሆነ ያንን ቀን ያውቀዋል። የዓመቱን ሒሳብ ዘግቼ፣ አለቃዬ ሰው ፊት "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" ብሎኝ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

ይህን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። መናገር ስጀምር ግን ሰው ሁሉ "እኔም" ይለኝ ጀመር። ነጋዴ፣ ኮንትራክተር፣ ነርስ፣ ርዕሰ መምህር። ሥራ ላይ የሚታመኑ፣ የጀመሩትን የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው። "ይሄን ሁሉ የምችል ሰው እንዴት ሆዴን መቻል ያቅተኛል?"

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የማታው መብላት የሚጀምረው ጠዋት ነው። ጎበዝ ያስባላችሁ ነገር፣ ማለትም ራብን መቻል፣ ድካምን መቻል፣ የከፋችሁን ውጣችሁ ሥራ መጨረስ፣ እሱው ነው ማታ ጓዳ የሚያስገባችሁ። ስለዚህ ማታ ላይ ከራስ ጋር ግብግብ መግጠም ብዙም አይረዳም። ቀኑን ነው ማስተካከል።

ምን እየሆነ ነው?

የሥራ ሰው ቀን እንዴት እንደሚውል እናውቀዋለን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል። ቁርሱ አንድ ስኒ ቡና ነው። ኮምቦልቻ የሚሠራ ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ስልክ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ "ይቺን ልጨርስና" ይላል፣ 9 ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ራቡ ራሱ ይጠፋል። ራቡ ሲጠፋ ያለፈለት ይመስለዋል። አላለፈም። ሰውነት ዱቤውን መዝግቦ ማታ ላይ ይጠይቃል።

አንድ የቆየ ጥናት አለ፣ ይህን ነገር ሳስብ ሁሌም ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሹን ገደማ ብቻ እየሰጠ አቆያቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። የተመረጡት በአካልም በአእምሮም ጠንካራ የተባሉ ሰዎች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነቡ ጀመር፣ ሳህን ይልሱ ነበር። ጥናቱ አልቆ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ብዙዎቹ ሆዳቸው ተወጥሮ እንኳ አልረካ አሉ። እናንተ ስድስት ወር አልተራባችሁም። ግን በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ትንሿን ሚኒሶታ ትደግሟታላችሁ።

እንቅልፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 12 ጤናማ ወጣቶችን አንዴ ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ሌሊት 10 ሰዓት አልጋ ላይ አቆዩአቸውና ደማቸውን መረመሩ። እንቅልፍ ባጡ ጊዜ ራብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በ28 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ጥጋብን የሚናገረው ሌፕቲን ደግሞ በ18 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ያማራቸውም ጣፋጩ፣ ጨዋማውና የዱቄት ነገር ነበር። ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ላፕቶፕ ላይ አምሽታችሁ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቦምቦሊኖ ሲያምራችሁ፣ ይህ ነው እየሆነ ያለው።

ሌላው ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ጎበዝ ሰው ወይ ሙሉ ወይ ምንም ይላል። ሰኞ ስኳር ያቆማል፣ ዳቦ ያቆማል፣ "ከ12 ሰዓት በኋላ እህል በአፌ አይዞርም" ብሎ ይምላል። ረቡዕ ቢሮ ኬክ ይቆረሳል። አንድ ቁራጭ ይበላል። "በቃ፣ ተበላሸ" ይላል፣ ከዚያ እስከ እሁድ ልጓም የለም። ይህንንም አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናት፣ ምግባቸውን ሁልጊዜ የሚቆጥቡ ሰዎች መጀመሪያ ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው፣ ሚልክሼክ ካልጠጡት ቆጣቢዎች ይልቅ ብዙ በሉ። የማይቆጥቡት ግን የጠጡትን አስበው ቀነሱ። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ሲበጠስ የሚያስከትለው ይብሳል ማለት ነው።

ስሜቱስ? አማርኛችን ይህን ከድሮም ያውቀዋል። ስናዝን ሆድ ባሰኝ እንላለን። ስንሰጋ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ትዕግሥተኛው ሆደ ሰፊ ነው። ምስጢርም ቂምም የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲጮህበት ፈገግ ያለ፣ አለቃ ሲያመናጭቀው "እሺ" ያለ ሰው ማታ የባሰውን ሆዱን በምግብ ቢያባብል አይገርመኝም። በዚያ ላይ ጭንቀት ሲረዝም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ቅባትና ስኳር ያለበትን ነገር ያስመኛል። ልብ በሉ፣ ለብዙ የሥራ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀው ብቸኛ ጊዜ ያ ጓዳ ውስጥ የቆመበት ሩብ ሰዓት ነው። የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው።

ቀኑን አብሉት

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ከምጽፈው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ለሁለት ሳምንት የማታውን መብላት ለማቆም አትሞክሩ። ማታ የፈለጋችሁትን ብሉ። ሥራችሁ ቀን ላይ መብላት ብቻ ነው።

ቁርስ ከቤት ሳትወጡ ብሉ። ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ እንቁላል በዳቦ፣ ያለውን። ምሳን እንደ ስብሰባ ያዙት፤ 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ ስልኩ ላይ ደወል ሙሉለት፣ ሰው ሲጠይቃችሁም "ቀጠሮ አለኝ" በሉ። ውሸት አይደለም። ምሳው ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ይኑርበት፣ የሐይቅ ዓሣ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው፤ ቶሎ አያስርብም። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ መክሰስ። ይቺ መክሰስ ናት ማታውን የምትቀይረው። ከምሳ እስከ እራት ሰባት ስምንት ሰዓት ባዶ ሆዱን የቆየ ሰው ቤቱ ሲገባ በጤናማ ዓይን ድስት ማየት አይችልም።

መክሰሱ ውድ መሆን የለበትም። የሽምብራ ቆሎ፣ አሹቅ፣ ሙዝ። እኔ በሶ ነው የምይዘው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ናት ያስያዘችኝ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ቤቷ ስገባ ፊቴን አይታ "ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ፣ እህል አልቀመስሽም እንዴ?" አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ጓዳ ገብታ የበሶ ዱቄት በላስቲክ ቋጥራ አመጣችልኝና እንዴት እንደምበጠብጠው አሳየችኝ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ። መጀመሪያ ውሃውን እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉት፣ ዱቄቱን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ሥሩ ላይ ይጋገርና አይነቀልም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ የሚወድ ትንሽ ማር። ክዳኑን ግጠሙና ክንዳችሁ እስኪሞቅ ናጡት። ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ትጠጡታላችሁ፣ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም።

ሁለቱን ሳምንት ስጨርስ የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ጓዳ መግባቴ አልቀረም። ግን ብስኩቱን ግማሽ ላይ አስቀመጥኩት። በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቡና፣ ስኳርና ጫት

ወሎ ላይ ቡና ተው ማለት አይቻልም፣ እኔም አልልም። ሁለት ነገር ብቻ። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡና ራቡን ይሸፍነዋል፣ አያጠግብም፤ ከቁርስ በኋላ አድርጉት። ማታ የሚፈላው ቡና ደግሞ በረካው ሲደርስ እንቅልፋችሁን ይወስዳል። ካፌይን ከጠጣችሁት ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ አለ። የማታውን ጀበና ወደ 10 ሰዓት አምጡት፣ መክሰሱም የቡና ቁርስ ሆኖ አብሮ ይበላል።

ስኳሩን ቁጠሩት። በቀን አራት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚል ሰው 48 ግራም ገደማ ጠጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢቻል ከ25 ግራም በታች ነው። በአንዴ አታቁሙ፤ በሳምንት ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል።

ጫት የሚቅም ወዳጅ ካላችሁ ወይም ራሳችሁ ከሆናችሁ ይህን እወቁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ተቀምጦ እስከ ምሽት የቃመ ሰው እራት ሳያስፈልገው ያመሻል፣ እንቅልፍም አጥቶ ሌሊት ላይ ራቡ በአንዴ ይመጣበታል። ከመቀመጡ በፊት ደህና ምሳ ይብላ፣ እራቱንም ባይርበው እንኳ በሰዓቱ ትንሽ ይቅመስ።

ከሥራ ወደ ቤት ስትገቡ

ብዙዎቻችን ሥራውን ይዘነው ነው የምንገባው። ጫማ ሳናወልቅ ድስት እንከፍታለን። መሀል ላይ የሆነ ደጃፍ ያስፈልጋል። እኔ ከሚኒባስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። አሥር ደቂቃ ያስኬዳል። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር በኩል ሽቅብ ስሄድ ቀን ያናደደኝ ነገር አንድ በአንድ ይመጣል፣ እኔም አሳልፈዋለሁ። አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ማልቀስ ጓዳ ውስጥ ከመብላት ይሻላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። መኪና ያላችሁ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ከገባችሁ በኋላ እግራችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ከዚያ ነው ወደ ምግብ።

እራት በልታችሁ ከቆያችሁ በኋላ እጃችሁ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አሁን ንፍሮ ቢቀርብልኝ እበላለሁ? ራብ የሆነ እንደሆነ ንፍሮም ይቀበላል፣ የትናንት እንጀራም ይቀበላል። ያኔ ብሉ፣ ተቀምጣችሁ ብሉ። አምሮት ግን ስም ጠርቶ ነው የሚመጣው፤ ያን ብስኩት፣ ያን ጥብስ። አምሮት ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው "ዛሬ ሆዴን ያስባሰው ምንድን ነው?" የሚል ነው። ስሙን ጥሩት። ደክሞኛል። ተዋርጃለሁ። ነገ ያለው ጨረታ ያስፈራኛል። ብቸኛ ነኝ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ አምሮት እንደ ማዕበል ወጥቶ ይወርዳል። በዚያች ሩብ ሰዓት ለደከመው መኝታ፣ ለከፋው ሰው ስጡት፤ እህት ጋ ደውሉ፣ ጎረቤት ጋ ውጡ። ጠብቃችሁም ካማራችሁ ትንሽ በሳህን አውጥታችሁ በብርሃን ብሉት። ሽንፈት አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሳህኑ ላይ

ቆሞ መብላት ይቅር። ከድስት መብላት ይቅር። አንጎል መጥገቡን ለመስማት 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ቆሞ የሚበላ ሰው በዚያ ጊዜ ሁለት እራት ይጨርሳል።

ብዙ የምግብ ምክር "ሳህናችሁ ላይ አስተርፉ" ይላል። ይህ ምክር ለወሎ ሰው አይሆንም። የ66ን እና የ77ን ረሃብ ያየ ወላጅ ያሳደገው ልጅ እህል መድፋት አይችልም። እናቴ መሬት የወደቀች ጉርሻ አንስታ ስማ ጥግ ታስቀምጥ ነበር። ያንን ትቼ ምግብ ልደፋ አልችልም፣ እናንተም አትችሉም፣ አይገባም። ስለዚህ መቀነሱ ትሪው ከመቅረቡ በፊት ይሁን። ከለመዳችሁት ሩቡን ያህል ቀንሳችሁ አውጡ፣ የቀረውን ሞሰብ ውስጥ ትታችሁ ክደኑ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ካላጠገባችሁ ጨምሩ።

እንግድነት ስትሄዱም ያው ዘዴ ይሠራል። "አፈር ስሆን፣ በሞቴ" ሲባል እምቢ ማለት ያስቀይማል። መጀመሪያ ትንሽ ብሉና ጭማሪውን በደስታ ተቀበሉ። ባለቤቷ ደስ ይላታል፣ እናንተም ከአቅም በላይ አልበላችሁም።

በልታችሁ ስታድሩ

ይሆናል። ሦስት ሳምንት ደህና ሄዳችሁ አንድ ሌሊት ትመለሳላችሁ። ጠዋት ላይ የሚመጣው ሐሳብ "ዛሬ እህል አልነካም" ነው። ያን ሐሳብ አትስሙት፣ ዙሩን እንደገና የሚያስጀምረው እሱ ነው። ባይርባችሁም ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ፣ ምሳ በሰዓቱ። ራሳችሁን "ሆዳም" ብላችሁ አትስደቡ።

ጾምና ረመዳንን በተመለከተ አንድ ቃል። ጾም ለፈጣሪ ነው። ክብደት መቀነሻ ወይም የትናንቱን መብላት ማካካሻ ስናደርገው ማታ ላይ ያው ነገር ይገጥመናል። አፍጥር ላይ በተምርና በውሃ ጀምሩ፣ ሾርባውን ጠጡ፣ ለሶላት ተነሡ፣ ሳምቡሳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሱሑርን አትዝለሉ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ የምግብ ሰዓት ከመቀየራችሁም ከመጾማችሁም በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

መብላቱ ከቁጥጥር እየወጣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር የቀጠለ ከሆነ፣ ወይም በልታችሁ እያስመለሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ መኖር አስጠልቷችሁ ከሆነ፣ ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሐኪሙን "ማታ ማታ መብላት ማቆም ያቅተኛል" በሉት፣ በዚሁ ቃል። ስለ ክብደት ብቻ ካወራችሁ ስለ ክብደት ብቻ ይመልስላችኋል።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ለምትኖሩ ደግሞ። ማታ ጓዳ ውስጥ ስታገኙት መብራት አታብሩበት፣ "አሁንም?" አትበሉት፣ ብስኩቱንም አትደብቁ፤ የተደበቀ ነገር ይበልጥ ያምራል። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስለ ቀኑ ጠይቁት። በማግስቱ 7 ሰዓት ላይ ደውሉና "ምሳ በላህ?" በሉት። "ትንሽ ቆይቼ" ካላችሁ ስልኩን አትዝጉ፣ ወንበሩ ሲንቀሳቀስና ሲነሣ እስክትሰሙ ጠብቁት።